መዝገብና ልብ
የአዲስ አበባ መራጭ ታሪክ በአጭሩ



በዚህች በዓመት አንድ ጊዜ በምትወጣው መጽሔታችን ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ልደታ ሰፈር ታሪክ ብዙ ተጽፏል። ዘንድሮ ደግሞ እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ያሳለፍን ጡረተኞች አንድ ሌላ ጉዳይ ለማቅረብ ወደድን። ይኸውም የአዲስ አበባ ሕዝብ በየዘመኑ ድምፁን ለማን እንደሰጠና ከአንዱ ወደ ሌላው ለምን እንደዞረ የሚገልጽ ነው።

ዕድራችን ፖለቲካ አያውቅም፤ ቀባሪ ነው። ስለዚህ ማንንም ለማወደስ ወይም ለመውቀስ አልተነሣንም። ነገር ግን ይህ ታሪክ ለዕድራችን የሚሆን ምክር አለበትና እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

በመዝገብ ቤት ሥራ መጀመሪያ የሚማሩት ነገር አንድ ነው፤ ፋይል ተከፈተ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። መንግሥታትም እንዲሁ ናቸው። የሰው ስም በመዝገባቸው ሲያዩ ልቡንም የያዙት ይመስላቸዋል። የከተማችን ታሪክ የሚያሳየን ግን ሌላ ነው።

፩. በንጉሡ ዘመን

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። በዚሁ መሠረት ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በድምፁ መረጠ። ሴቶችም የመምረጥ መብት አገኙ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም በዚያ ምርጫ አሸንፈው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በየአራት ዓመቱ፣ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ምርጫ ተደርጓል።

በዚያን ጊዜ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው የሚመርጠው ሰውን ነው። ለመመረጥ ደግሞ በምርጫ ወረዳው ንብረት ያለው መሆን ያስፈልግ ነበር። እንግዲህ ተከራዩ መምረጥ ይችላል፤ የሚመረጠው ግን ባለንብረቱ ነው። ታላላቆቻችን ሲያወሩን እንደሰማነው፣ ድምፅ የሚሰጠው በዝምድና፣ በጉርብትና፣ አንዳንዴም በይሉኝታ ነበር። ታዲያ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወርደው ፓርላማው ሲዘጋ፣ እንደራሴዬን አጣሁ ብሎ ያዘነ ሰው በሰፈራችን አልሰማንም። ያ ሁሉ የድምፅ ወረቀት ሥር አልነበረውም ማለት ነው።

፪. በደርግ ዘመን

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን የሚያዝዘው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ቀበሌ የምንለውም የተቋቋመው በዚሁ አዋጅ ነው። ከመቶ ብር በታች የሚከራዩትን ቤቶች ቀበሌ ያዘ፤ የደሃው ኪራይም ተቀነሰ።

ይህ አዋጅ አንዱን አጥር ለሁለት ከፈለው። በአንድ ግቢ ውስጥ ባለቤቷ ሦስት ክፍሏን ተወርሳ ስታለቅስ፣ ተከራይዋ ደግሞ እልል ትላለች። ሁለቱ ግን የአንድ ዕድር አባላት ናቸው። ያን ጊዜ ድሃው ወገን ለደርግ የነበረው ድጋፍ የውሸት አልነበረም፤ እውነተኛ ነበር። ሰው የተጠቀመበትን ነገር ያውቃልና።

ብዙም ሳይቆይ ግን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ቀይ ሽብር መጣ። ኪራይ የቀነሰው ቀበሌ እስር ቤት ሆነ። በ1967 ዓ.ም. እልል ያለችው እናት በ1970 ዓ.ም. ልጇን ፍለጋ ስትዞር ትውላለች። የሰው ልብ የዞረው ያኔ ነው፤ ነገር ግን ማንም አልተናገረም። ሆድ ይፍጀው ተባለ።

መዝገቡ ግን መሙላቱን ቀጠለ። መስከረም 1977 ዓ.ም. ኢሠፓ ተመሠረተ። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ለአዲሱ ሕገ መንግሥት በተደረገው የሕዝብ ውሳኔ 81 በመቶ የሚሆነው መራጭ ደግፏል ተብሎ ተገለጸ። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. ደግሞ ለብሔራዊ ሸንጎ 835 መቀመጫዎች ምርጫ ተደረገ። በቁጥር ካየነው ከዚህ የበለጠ ድጋፍ ከየት ይመጣል? ሆኖም ከአራት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ኢሠፓ ነኝ የሚል አንድ ሰው በሰፈሩ ጠፋ። የአባልነት ደብተር በየምድጃው ገባ።

፫. ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም.

በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አልተሳተፉም። በ1992 ዓ.ም. የተሳተፉ ቢኖሩም አሸናፊው ያው ኢሕአዴግ ነበር። ስለዚህ የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሲመጣ ብዙ ሰው እንደ ወትሮው ነው ብሎ ነበር።

ነገሩን የለወጠው ክርክሩ ነው። ባለሥልጣንና ተቃዋሚ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው በቴሌቪዥንና በራዲዮ ሲከራከሩ ሕዝቡ ሰማ። ቴሌቪዥን የሌለው ጎረቤት ጋ ሄዶ ተመለከተ። ሰው የውስጡን ሌላ ሰው በአደባባይ ሲናገርለት ሲሰማ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ሥራ ያጣው ወጣት፣ ስለ መሬት ሊዝ የተማረረው፣ ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ወገኑን ያጣው፣ በብሔር የተከፋፈለው አስተዳደር ያልተዋጠለት፣ ሁሉም በየምክንያቱ አንድ ቦታ ተሰባሰበ። ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ በመስቀል አደባባይ ትልቅ ሰልፍ አደረገ። በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቀን ቅንጅት በዚያው አደባባይ ሰልፍ ጠራ፤ ሕዝቡም አጥለቀለቀው። ሁለቱም ሰልፍ ላይ የዋሉ ሰዎች በሰፈራችን ነበሩ! አንደኛው ቀን ለመዝገቡ፣ ሁለተኛው ቀን ለልብ መሆኑ ነው።

ምርጫው ዕለት ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰለፈ። አሮጊቶች ኩርሲ ይዘው መጡ። ውጤቱ ሲገለጽ ከአዲስ አበባ 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 23ቱንም፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን ኢሕአዴግ 327 መቀመጫ አግኝቶ አሸናፊ መሆኑ ተገለጸ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባ ነገር አለ። በዚያን ጊዜ የከተማው ከንቲባ የነበሩት አቶ አርከበ ዕቁባይ ሥራቸው የሚታይ ሰው ነበሩ፤ መንገድ ይሠራ ነበር፣ የኮንዶሚኒየም ቤት ግንባታም ተጀምሮ ነበር። በዚያው ዓመት ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው ሰው ከ450 ሺህ በላይ ነው። ቤት ፈላጊውና ድምፅ ሰጪው ያው አንድ ሕዝብ ነው። ከንቲባውን የሚወድ ሰው ፓርቲያቸውን አልመረጠም፤ ቤት የሚፈልግ ሰው ድምፁን በቤት አልለወጠም። ይህን ያልተረዳ ሰው ሕዝቡን ውለታ ቢስ ይለዋል። እኛ ግን አንልም። ድምፅ የውለታ መክፈያ ሳይሆን የነገ ማሰቢያ ነውና።

የተከተለውን ሁላችንም እናውቃለን። ሰኔ 1 ቀን 1997 እና ከጥቅምት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ። በሕግ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አባላት ካጣሩት ውስጥ ይፋ የሆነው ቁጥር 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች፣ በጠቅላላው 199 ነው። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ። በዚያ ወራት በአዲስ አበባ የዕድር ድንኳን ተተክሎ ሳይነቀል ሌላ ሐዘን ይመጣ ነበር። ለሟች ድንኳን ሲተከል ማንን መርጠህ ነበር ተብሎ የተጠየቀ የለም። የፖሊሱም እናት፣ የወጣቱም እናት የሚያለቅሱት በአንድ ዓይነት ድንኳን ውስጥ ነው።

፬. ከዚያ ወዲህ

ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢና የከተማ ምርጫ ተደረገ። ቅንጅት ተከፋፍሎ ፈርሶ ነበር፤ ሌሎችም ተቃዋሚዎች ወጥተዋል። በዚህ ጊዜ ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ኢሕአዴግ ወሰደ። ያው 137! በሦስት ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ሳይለወጥ ባለቤቱ ተለወጠ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ከ23ቱ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 22ቱን ሲያገኝ አንዷን የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ አገኙ። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ደግሞ በመላው አገር 547ቱም መቀመጫ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ።

ታዲያ የሕዝቡ ልብ እንዲህ ባንዴ ዞሮ ነው? መልሱ አንድ ብቻ አይደለም። የመንገዱንና የቤቱን ሥራ አይቶ በእውነት የዞረ አለ። ተመራጩ ስለጠፋበት እቤቱ የተቀመጠ አለ። ልጄ ሥራ ታጣብኛለች ብሎ ስሙን ያስመዘገበ አለ። ኢሕአዴግ በ1997 ዓ.ም. የነበሩት አባላት 760 ሺህ ያህል ሲሆኑ በ2000 ዓ.ም. ወደ 4 ሚሊዮን ደርሰዋል ተብሏል። በጠረጴዛ ለሠራን ሰዎች፣ አንድ መዝገብ በሦስት ዓመት አምስት እጥፍ ሲሆን መጠርጠር የሥራ ጠባያችን ነው።

ጥርጣሬውም መልስ አገኘ። በ2010 ዓ.ም. የመሪ ለውጥ ሲመጣ ሕዝቡ እንደገና አደባባይ ወጣ፤ ሰኔ 16 ቀን መስቀል አደባባይ ሞላ። በ2012 ዓ.ም. ኢሕአዴግ የሚባለው ግንባር ራሱ ፈርሶ ብልጽግና ፓርቲ ተተካ፤ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫም አሸነፈ። እኒያ ሚሊዮን አባላት ለድሮው ስም ድንኳን ሲተክሉለት አላየንም።

፭. ልጆቻችን ባሉበት አገር

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ በአሜሪካ ልጆች አሏቸው። በቨርጂኒያና በዋሽንግተን አካባቢ ያሉት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ ለብዙ ዓመታት ዴሞክራቶችን ሲመርጡ ኖረዋል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ግን የፕሬዚዳንት ባይደን መንግሥት በያዘው አቋም የተቆጡ ማኅበሮች በቨርጂኒያው የገዥ ምርጫ ሪፐብሊካኑን ግሌን ያንግኪንን ምረጡ ብለው ቀሰቀሱ። ምርጫው የተደረገው ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው የንግድ ዕድል ለማስወጣት መወሰኑም የተገለጸው በዚያው ዕለት ነው። ያንግኪን በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። የትግራይ ተወላጆች ደግሞ በጦርነቱ ወገናቸው እያለቀ ነበርና አሜሪካ ይበልጥ እንድትጫን በየአደባባዩ ይጠይቁ ነበር። የአንድ አገር ሰዎች በሰው አገርም በሁለት ወገን ቆሙ።

ከላቲን አሜሪካ የመጡትም መራጮች እንዲሁ ናቸው። በቴክሳስ ሜክሲኮ ድንበር ላይ ስታር የሚባል ወረዳ አለ፤ ነዋሪው ከሞላ ጎደል ላቲኖ ነው። በፈረንጆች 2016 ሂላሪ ክሊንተን እዚያ ወደ 79 በመቶ ድምፅ አገኙ። በ2024 ግን ዶናልድ ትራምፕ አሸነፉ፤ ወረዳው ለፕሬዚዳንትነት ሪፐብሊካን ሲመርጥ ከ1892 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ፓርቲው እነዚህ የኛ ናቸው ብሎ ተኝቶ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሥራቸው ያስቡ ነበር።

፮. ለዕድራችን

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? የመራጭ ልብ ውርስ አይደለም፤ በስም ዝርዝርም አይያዝም። ሕዝቡ ወላዋይ ስለሆነ አይደለም የዞረው። የዞረው ያመነበት ነገር ሲለወጥበት ነው። እርሱ ሳይሆን የሚታመንበት ነው የተለወጠው።

የዕድር መዝገብ ግን ከዚህ ይለያል። በደርግ ዘመን ያቋቋሙት ማኅበር ፈርሷል፣ ከዚያም በኋላ የመጣው ግንባር ፈርሷል፤ ዕድር አለ። በልደታ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ከተማው ዳር የደረሱ አባሎቻችን እንኳ ዛሬም ሁለት ታክሲ ይዘው ለቀብር ይመጣሉ። ያስገደዳቸው የለም። መዝገባችን እውነተኛ የሆነው አባሉ በየወሩ መዋጮውን ይዞ ስለሚመጣና በሐዘን ቀን አጠገባችን ስለሚቆም ነው።

ይህ ስለሆነም ነው የምርጫ ሰሞን ብዙ ዓይን የሚያርፍበት። የአባላት ዝርዝር ስጡን፣ በስብሰባችሁ መጨረሻ አሥር ደቂቃ ፍቀዱልን የሚሉ ሰዎች በየዘመኑ መጥተው ያውቃሉ፤ ወደፊትም ይመጣሉ። ምክራችን የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የአባላት መዝገብ ለቀብርና ለሐዘን ሥራ ብቻ እንዲውል፣ ለማንም ፓርቲ፣ ገዥም ይሁን ተቃዋሚ፣ እንዳይሰጥ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ በደንባችን ውስጥ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ በዕድር ድንኳን ሥር የምርጫ ቅስቀሳ ክልክል ይሁን።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ አባል የፈለገውን ይምረጥ፤ ማንን መረጥክ ብሎ ጎረቤቱን የሚጠይቅ ግን አይኑር።

ይህን ያደረግን እንደሆነ ነገ የሚመጣው ማንም ይሁን ማን፣ የመረጠውም ያልመረጠውም ሲሞት ሬሳውን የሚሸከም አይጠፋም። በየዘመኑ ለተለዩን ወገኖቻችን ሁሉ ነፍስ ይማር እንላለን። ለቀረነው ጤናና ዕድሜ፣ ለአገራችንም ሰላም ይስጥልን።