በጥቂት ገንዘብ የሚገጣጠም የጨዋታ ኮምፒዩተር፤ የአመራረጡ ታሪክ ከጉለሌ ሲታይ

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የተዘረጋው ጉለሌ ስሙ ሲነሣ በብዙ ሰው ሐሳብ ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው የሽሮ ሜዳ ሸማኔና የጥበብ ልብስ ነው። የአካባቢው የጨዋታ ታሪክ ግን እምብዛም አልተጻፈም። ገበጣ በየደጃፉ፣ ጆተኒ በየመንገዱ ዳር ሲጫወት ያደገው ወጣት፣ ጊዜው ሲደርስ እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቷል። በዚያ ቤት መሣሪያው የባለቤቱ ስለ ሆነ ተጫዋቹ የሚከፍለው ለጨዋታው ወይም ለደቂቃው ብቻ ነው፤ ዕቃው ቢበላሽ አይገደውም። የራሱን ኮምፒዩተር ሊገጣጥም በተነሣ ዕለት ግን ለወራት ያጠራቀመውን ገንዘብ በስምንት በዘጠኝ ክፍሎች ላይ ማከፋፈል ግድ ይሆንበታል። የትኛው ክፍል ደኅና፣ የትኛው መናኛ ቢሆን ይሻላል? ጥያቄው ተራ የገበያ ጥያቄ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለው፤ መልሱም በየዘመኑና በየአገሩ ሲለዋወጥ ኖሯል።

ኮምፒዩተርን ክፍል በክፍል እየመረጡ መግጠም የተቻለው በዕቅድ ሳይሆን በጥድፊያ ምክንያት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነሐሴ 6 ቀን 1973 ዓ.ም. ለሕዝብ ያስታወቀው 5150 የተሰኘ የግል ኮምፒዩተር አንድ ዓመት ያህል በሚሆን ጊዜ ውስጥ የተሠራ ነበር። በፍሎሪዳ ግዛት በቦካ ራቶን ከተማ በዶን ኤስትሪጅ የሚመራው ቡድን ጊዜው ስላጠረው ዋና ዋናዎቹን ክፍሎች ራሱ አልሠራም፤ ከሌሎች ፋብሪካዎች ገዛ እንጂ። ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል ሲመርጥም 8086 የተባለውን ትቶ 8088ን ወሰደ። ይህኛው በውስጡ እንደ ታላቅ ወንድሙ በ16 ቢት እያሰላ ከውጭ ጋር ግን በ8 ቢት ብቻ ስለሚነጋገር፣ በዙሪያው የሚቆሙት ዕቃዎች ርካሾችና በገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኙ ነበሩ። እንግዲህ የግል ኮምፒዩተር ገና ሲወለድ የቆጣቢ ገዢ እጅ አርፎበታል። ፍጥነቱ 4.77 ሜጋኸርዝ፣ የመነሻ ሜሞሪው 16 ኪሎባይት፣ የኀይል መጋቢው 63.5 ዋት፣ መነሻ ዋጋውም 1,565 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ በዘመኑ ምንዛሪ 3,240 ብር ገደማ መሆኑ ነው።

ኩባንያው የመሣሪያውን የዑደት ንድፍና የመነሻ ፕሮግራሙን ዝርዝር በመጽሐፍ አሳትሞ ሸጠ፤ በዋናው ሰሌዳ ላይም ሌላ ሰው የሠራው ካርድ ሊሰካባቸው የሚችሉ 5 መሰኪያዎች አበጀ። ስለሆነም ንድፉን ማንበብ የሚችል ሁሉ ተጓዳኝ ዕቃ ለመሥራት በቃ። የቀረው መሰናክል ባዮስ የሚባለው የመነሻ ፕሮግራም ብቻ ነበር፤ ይኸውም በሕግ የተጠበቀ በመሆኑ እንዳለ መቅዳት አይቻልም። ኮምፓክ የተባለው ድርጅት በ1975 ዓ.ም. ተመሳሳዩን ፕሮግራም እንደ አዲስ ጽፎ በራሱ ኮምፒዩተር ብቅ ሲል፣ ቀጥሎም በ1976 ዓ.ም. ፊኒክስ የተባለው ለፈለገ ፋብሪካ ሁሉ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም መሸጥ ሲጀምር መሰናክሉ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ የታይዋን ፋብሪካዎች አንዱ ሰሌዳውን፣ አንዱ ሣጥኑን፣ አንዱ ካርዱን እየሠሩ ለገበያ አቀረቡ፤ ገዢውም እንደ ወጥ ቅመም ለየብቻው ሊሸምታቸው ቻለ።

በኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የግል አስመጪዎች ሲበራከቱ፣ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀመር ነው ቀስ በቀስ ወደ መኖሪያ ቤት መግባት የያዘው።

በዚህ መካከል በውጭው ዓለም ጨዋታ የክፍሎቹን የዋጋ ሥርዓት ገልብጦት ነበር። ዱም የተባለው ጨዋታ በ1986 ዓ.ም. ሲወጣ ከገዢው የሚሻው ፈጠን ያለ ፕሮሰሰርና 4 ሜጋባይት ሜሞሪ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ኩዌክ ሲከተል ግን ነገሩ የፍጥነት ብቻ አልሆነም። ሳይሪክስ የተባለው ኩባንያ 6ኤክስ86 የተሰኘ ፕሮሰሰር ከኢንቴል ፔንቲየም ባነሰ ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ ለጽሕፈትና ለሒሳብ መዝገብ ሥራ ከፔንቲየም አያንስም፣ አንዳንዴም ይበልጠዋል። ክፍልፋይ ቁጥሮችን በማስላት ረገድ ግን ደካማ ነበር፤ ኩዌክ ደግሞ ባለ ሦስት አውታር ሥዕሉን የሚያወጣው በዚሁ ስሌት ነበር። ርካሹን በመግዛታቸው ራሳቸውን እንደ ብልህ የቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጨዋታ ምክንያት ተጸጸቱ። ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው ኩባንያ በዚያው ወቅት ቩዱ የተሰኘውን ካርድ አውጥቶ ሥዕል የማውጣቱን ድካም ከፕሮሰሰሩ ላይ ሲረከብ፣ ከገንዘቡ ትልቁ ድርሻ ወደ ግራፊክስ ካርድ መሄድ ጀመረ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

የቆጣቢ ገዢዎች ታላቅ ድል ተብሎ እስካሁን የሚወሳው ግን የ1990 ዓ.ም. ሴሌሮን ነው። ኢንቴል በዚያው ዓመት በሚያዝያ ያወጣው የመጀመሪያው ሴሌሮን ካሽ የተባለው የቅርብ ማከማቻ ሁለተኛው ደረጃ ስላልነበረው የተናቀ ዕቃ ነበር። በነሐሴ የወጣው ሴሌሮን 300ኤ ግን 128 ኪሎባይት ካሽ በዚያው ቺፕ ላይ ተደርቦለት በ149 ዶላር ቀረበ። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት የሚገኘው የሰሌዳው የመስመር ፍጥነት በ4.5 ተባዝቶ ነው። መስመሩ 66 ሲሆን 300 ሜጋኸርዝ ይሰጣል፤ ገዢው መስመሩን ወደ 100 ከፍ ሲያደርገው 450 ይሆናል። ፋብሪካው ራሱ 450 ብሎ የሚሸጠው ፔንቲየም 2 ዋጋው ከ4 እጥፍ በላይ ነበር። ሁሉም ቺፕ ይህን ጫና የሚችል ባይሆንም ብዙው ችሏል።

ይህ ሁሉ ታሪክ የተጻፈው በዶላር ነው። የጉለሌ ገዢ የሚያስበው በብር ነው። በመንግሥት ምንዛሪ ሲሰላ 100 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ እስከ 1985 ዓ.ም. መባቻ 207 ብር ነበር፤ በዚያው ዓመት የብር ዋጋ ሲቀነስ 500 ብር ሆነ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ 5,700 ብር ገደማ ደርሷል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ10,000 ብር አልፏል። ቀረጡና ማጓጓዣው ገና አልተደመረም። የውጭ አገር መጽሔት «ርካሽ» ብሎ የሚያቀርበው ዝርዝር በዚህ ሚዛን ሲመዘን ተረት ይመስላል።

ስለዚህ በአዲስ አበባ የተለመደው መንገድ ሌላ ነው። ከባሕር ማዶ መሥሪያ ቤቶች ዘመናቸው አልፎ የወጡ የዴልና የኤች.ፒ. የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ያገለገሉ ተብለው ይሸጣሉ። ፕሮሰሰሩ፣ ማዘርቦርዱና ራሙ ከነሣጥናቸው በአንድ ዋጋ ስለሚገኙ የሚጎድለው ግራፊክስ ካርድ ብቻ ነው። ነገር ግን እነዚህ ለደብዳቤና ለሒሳብ ሥራ የተሠሩ በመሆናቸው በገበያ ስሙ ፓወር ሰፕላይ የሚባለው የኀይል መጋቢያቸው አነስተኛ ነው፤ ቅርጹና መሰኪያውም ብዙ ጊዜ የፋብሪካው የራሱ ስለ ሆነ በሌላ ለመለወጥ አይመችም፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኀይል ገመድም አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ከዚህ ላይ 75 ዋት የምትባል ቁጥር ታሪክ ሠርታለች። የካርዱ መሰኪያ ያለ ተጨማሪ ገመድ ሊሰጥ የሚፈቀድለት ከፍተኛው ኀይል ይህ ነው። ኤንቪዲያ በየካቲት 2006 ዓ.ም. ያወጣው ጂቲኤክስ 750 ቲአይ 60 ዋት፣ በጥቅምት 2009 ዓ.ም. የተከተለው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ደግሞ ልክ 75 ዋት የሚፈልጉ ነበሩ፤ አጠር ተደርገው የተሠሩት ዐይነቶቻቸው በጠባብ ሣጥን ውስጥ ሳይቀር ይገባሉ። በፈጣንነት ከመጀመሪያው ረድፍ ተቆጥረው አያውቁም፤ ሆኖም የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተርን ወደ ጨዋታ መሣሪያ በመለወጥ ረገድ የሠሩትን ሥራ ውዶቹ ካርዶች አልሠሩትም።

ሌላው መንገድ ኤ.ኤም.ዲ. በየካቲት 2010 ዓ.ም. በ99 ዶላር ያወጣው ራይዘን 3 2200ጂ የጀመረው ነው፤ ግራፊክሱ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ስላለ ለጊዜው ካርድ አያስፈልግም። እንዲህ ያለው ፕሮሰሰር ለሥዕሉም ራሙን ስለሚጠቀም አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ከመሰካት ሁለት ባለ 4 መሰካት በጨዋታው ላይ ጉልህ ልዩነት ያመጣል። ይህን ለገዢው የሚነግር ሻጭ ብዙ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ገዢው ሳያስብ የገዛው ክፍል አስቦ የገዛውን ይዞ ሲጠፋ ነው። ያ ክፍል ፓወር ሰፕላይ ነው። ከሣጥኑ ጋር እንደ ምርቃት ተሰጥቶ 500 ዋት የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ዕቃ ብዙ ነው። ዛሬ ሥራ ላይ ያለው የሣጥንና የፓወር ሰፕላይ ደረጃ በ1987 ዓ.ም. ሲወጣ ኮምፒዩተሩ ኀይሉን በብዛት የሚወስደው ከ5 እና ከ3.3 ቮልት መስመሮች ነበር። በ1993 ዓ.ም. ፔንቲየም 4 ሲመጣ፣ ከዚያም የግራፊክስ ካርዶች ኀይል እየጠጡ ሲሄዱ ሸክሙ ወደ 12 ቮልት ተዛወረ፤ ደረጃውም በ1995 ዓ.ም. በዚሁ መሠረት ተሻሻለ። ስለሆነም መነበብ ያለበት የጠቅላላው ዋት ሳይሆን በ12 ቮልት አንጻር የተጻፈው አምፔር ነው። 18 አምፔር የሚል ከሆነ 216 ዋት ማለት ነው፤ ቀሪው የወረቀት ዋት ለጨዋታ አይረዳም።

የጉለሌው ገዢ ከዚህ በላይ የሚያስጨንቀው ነገር አለ። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ መስመር በደንቡ 220 ቮልት ነው። ነገር ግን ከትራንስፎርመር ርቆ ወደ ተራራው በሚወጣ መስመር ጫፍ ላይ ባለ ቤት፣ እያንዳንዱ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚወስደው የእንጀራ ምጣድ በሰፈሩ ሲጣድ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ጠፍቶ ሲመለስም ከልክ በላይ ዘሎ ሊመጣ ይችላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው፤ የመጀመሪያው የግል ኮምፒዩተር መለያ ቁጥርም 5150 መሆኑ ልብ ላለው ሰው ፈገግ የሚያሰኝ ግጥጥሞሽ ነው። ሆኖም ማመንጨት አንድ ነገር፣ እስከ ሰፈሩ መጨረሻ ምሰሶ ማድረስ ሌላ ነገር ነው።

በጀርባው 115 እና 230 የሚል ማዞሪያ ያለው የድሮ ፓወር ሰፕላይ ይህን ውጣ ውረድ አይችለውም፤ ማዞሪያው በስሕተት 115 ላይ ሆኖ ከተሰካም በቅጽበት ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለ ማዞሪያ የሚቀበለው አዲሱ ዐይነት ቮልቴጁ ሲወርድ ብዙ አምፔር ስቦ ሥራውን ይቀጥላል፤ በሙሉ ሸክም ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ግን በደረጃው መሠረት ኀይል ይዞ የሚቆየው ለ16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። በ50 ኸርዝ የአንድ ዙር ርዝመት 20 ሚሊ ሰከንድ ስለ ሆነ የአምፖሉ አንድ ጊዜ ብልጭ ማለት ኮምፒዩተሩን ሊያጠፋው ይበቃል። ስለዚህ ዩፒኤስ በሌላው አገር ትርፍ ዕቃ ሲሆን በጉለሌ ከዋናዎቹ ክፍሎች ይቆጠራል። እርሱም ቢሆን በወረቀቱ አያታልል፤ 650 ቪኤ የሚለው የተለመደው ዐይነት የሚችለው 360 ዋት ገደማ ነው።

ከፍታውም የራሱን ይጠይቃል። ጉለሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚገኝ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋን በደቂቃ የሚገፋው አየር በስፍር ያው ነው፤ በክብደት ግን ስለሚያንስ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። የአካባቢው ቅዝቃዜ ይህን በከፊል ይክሰዋል። ውድ ማቀዝቀዣ ከመግዛት ይልቅ ፊቱ በመስታወት ያልተደፈነ፣ አየር የሚያሳልፍ ሣጥን መምረጥና በበጋ አቧራውን በየጊዜው መጥረግ ይበልጥ ይጠቅማል። ሃርድ ዲስክም ቢሆን የማንበቢያው ራስ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ሽፋን ላይ በመሆኑ አብዛኛዎቹ ሠሪዎች እስከ 3,048 ሜትር ብቻ ዋስትና ይሰጣሉ። ጉለሌ ከዚህ በታች ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ግን ያልፈዋል።

መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢተሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩ ሲቀር በዓለም ገበያ እጅግ ብዙ ያገለገለ ካርድ ተለቀቀ። ከእነርሱ መካከል አርኤክስ 580 በዋጋው ይማርካል፤ ነገር ግን 185 ዋት ስለሚፈልግ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ አይሠራም፤ ሌሊትና ቀን ሲሽከረከር የኖረው ፋኑም ከሁሉ አስቀድሞ መታየት አለበት።

ሁሉ ነገር ተሟልቶ ኮምፒዩተሩ ሥራ ከጀመረ በኋላም በአሮጌ ቤቶች አንድ አቤቱታ ይሰማል፤ የብረት ሣጥኑ ሲነኩት ይነዝራል። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ያሉት ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች በሁለቱ መስመሮችና በሣጥኑ መካከል ስለ ተሠሩ፣ የመሬት ሽቦ በሌለበት ሣጥኑ ላይ የ220 ግማሽ፣ ማለት 110 ቮልት ያህል ያድራል። የሚፈስሰው መጠን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ሰውን ባይጎዳም፣ የስክሪኑ ገመድ ሲሰካ የግራፊክስ ካርዱን መውጫ ሊያቃጥል ይችላል። ተጫዋቹ ፕላስቲክ ጫማ አድርጎ ይቀመጥና ነገሩን ይረሳዋል። ሻጩ የቤቱን መስመር አያውቅም፤ ሦስተኛው ሽቦ እስከ መሬት መድረስ አለመድረሱን ለክቶ ሊናገር የሚችለው የኤሌክትሪክ ባለሙያው ነው።