የሙዝ አበባ ማንን ነው የሚጠብቀው?

መሸንቲም ሆነ ባሕር ዳር፣ ጓሮ ውስጥ ሙዝ ሲያብብ አይታችኋል? ያ ወደ መሬት የተዘቀዘቀ ሐምራዊ እምቡጥ ሽፋኑን አንድ በአንድ የሚገልጠው ወደ ማታ ነው። ለምን በጨለማ?

መልሱ ያለው የሙዝ መነሻ በሆነው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ነው። እዚያ ማክሮግሎሰስ የሚባል ትንሽ የሌሊት ወፍ አለ፤ ስሙ በግሪክኛ «ረጅም ምላስ» ማለት ነው። ማታ ማታ የዱር ሙዝ አበባ ላይ ተንጠልጥሎ ጣፋጩን ፈሳሽ ይልሳል፤ ጸጉሩ ላይ የተጣበቀውን የአበባ ዱቄት ደግሞ ለሌላው ተክል ያደርሳል። የዱር ሙዝ ፍሬ ታዲያ በጠጣር ዘር የተሞላ ነው።

ሰው ግን ዘሩን አልፈለገውም። በኒው ጊኒ፣ ኩክ በሚባል ረግረግ፣ ሰዎች ቢያንስ ከ6,400 ዓመት በፊት ሙዝ ይተክሉ ነበር። ገበሬዎች ዘር የሌለውን እየመረጡ ችግኙን ከእናቱ ሥር እየነቀሉ አባዙት። የሌሊት ወፉ ሥራ ፈታ፤ አበባው ግን አሁንም ይጠብቀዋል።

ይህ ዋጋ አስከፍሏል። እንዲህ የተባዙ ተክሎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ አንዱን የገደለ በሽታ ሁሉንም ይገድላል። ግሮ ሚሼል የተባለው ዝርያ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአፈር ፈንገስ ተመትቶ ከዓለም ገበያ ሲወጣ ቦታውን ካቨንዲሽ ያዘ። ዛሬ የፈንገሱ ሌላ ዓይነት ካቨንዲሽንም እያጠቃ ነው። በሽታ የሚቋቋም ዝርያ የሚፈለገው ከዱር ሙዝ ነው፤ እሱን እያዳቀሉ እስከ ዛሬ ካቆዩት አንዱ ደግሞ ያ ሥራ የፈታ የመሰለን የሌሊት ወፍ ነው።