ሚኮሪዛ፣ ማይኮራይዛ ወይስ የሥር ሽርክና?

ፈንገስ ከተክል ሥር ጋር ተጣምሮ ለሚኖርበት ግንኙነት፣ በእስራኤል በቂርያት ማላኺ፣ በገደራና በያቭኔ የሚኖር የአማርኛ አንባቢ ከዕብራይስጥ «ሚኮሪዛ» ብሎ የሚሰማውን ስም የኢትዮጵያ የግብርና ባለሙያ ከእንግሊዝኛ ወስዶ «ማይኮራይዛ» ስለሚለው፣ አማርኛ ለአንድ ነገር ሁለት የተውሶ ስም ተሸክሟል። ይህን ለማቃናት «የሥር ሻጋታ» ማለት ግን ከተውሶው የባሰ ነው፤ የሻገተ እንጀራም ሆነ እህል የሚጣል በመሆኑ፣ ስሙን የሰማ ገበሬ ረዳቱን በሽታ ነው ብሎ ማጥፊያ መድኃኒት ይፈልጋል። «የሥር እንጉዳይ»ም አይበጅም፤ አብዛኞቹን ሰብሎች የሚረዱት ፈንገሶች በሥሩ ሕዋሳት ውስጥና በአፈሩ ውስጥ በቀጫጭን ክሮች የሚኖሩ እንጂ እንጉዳይ የሚያበቅሉ አይደሉም።

ስሙን በ1885 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ፣ ፈንገስንና ሥርን የሚያመለክቱ ሁለት የግሪክ ቃላትን ሲያጣምር የሰየመው ፈንገሱን ብቻውን ሳይሆን የሁለቱን አንድነት ነው። ተክሉ ስኳርና ቅባት ይሰጣል፤ ፈንገሱም ሥሩ ከማይደርስበት ፎስፈረስና ውኃ ያመጣል። ስለዚህ ትርጉሙም ግንኙነቱን መያዝ አለበት። ግእዝን ተከትሎ «ኅብረተ ሥር» ማለት ክብር ያለው ይመስላል፤ ሆኖም በጆሮም በዓይንም ከ«ኅብረት ሥራ» ጋር ስለሚምታታ አንባቢው ማኅበር የተቋቋመ ይመስለዋል። «ሽርክና» ግን ከዐረብኛ ቢመጣም ከቆየ ብዛት አማርኛ የሆነ፣ አንዱ በሬ ሌላው ጉልበት አዋጥቶ ምርት የሚካፈልበትን ስምምነት ገበሬም ነጋዴም የሚጠራበት ቃል ነው። እንግዲህ ግንኙነቱ «የሥር ሽርክና»፣ ፈንገሱም «ሸሪክ ፈንገስ» ቢባል ይሻላል።

ሽርክናው በመርዛማ አፈር ላይ የሚሰጠው ጥቅም ሲነገር ደግሞ «ማጽዳት» ከሚለው ግሥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሸሪክ ፈንገስ ካድሚየምንና እርሳስን የመሳሰሉ ብረቶች በክሮቹ ላይ ይዞ ወደ ተክሉ የሚያልፈውን መጠን ሊቀንስ ይችላል፤ ብረቶቹ ግን አፈሩ ውስጥ ይቀራሉ፤ በአንዳንድ ተክልና ፈንገስ ጥምረት ጭራሽ ወደ ተክሉ የሚገባው ሊጨምር ይችላል። ትክክለኛው ቃል ከ«ቆመ» የወጣው «መቋቋም» ነው፤ ተክሉ ጉዳቱ ሳይጥለው ይቆማልና። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ውኃ በሚለማው የአትክልት መሬት ላይ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ክሮሚየምን የመሰሉ ብረቶች በሚያመጣበት ስፍራ፣ የሁለቱ ግሦች ልዩነት የምግብ ደኅንነት ጉዳይ ነው፤ «ጸዳ» የተባለ ጎመን ሳይመረመር ይበላል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉን በያዘው አሲዳማ አፈር ላይ፣ በአዊ ዞንም ጭምር፣ የሚሟሟው አሉሚኒየም ሥርን ሲጎዳ ሽርክናው ሊያግዝ ይችላል፤ የኖራን ቦታ ግን አይተካም።

በእስራኤል ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ ጨው ነው፤ የሻፍዳን ጣቢያ ያጣራው የቴል አቪቭ አካባቢ ፍሳሽ በያቭኔ አካባቢም ባለው አሸዋ ሠርጎ ለደቡቡ እርሻ መስኖ ይሆናል፤ የተጣራ ፍሳሽ ደግሞ ጨውን ወደ ማሳ ያመጣል። እዚያም የሚስማማው ቃል «መቋቋም» እንጂ «ማጽዳት» አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ በአማርኛ የሚጽፉና የሚተረጉሙ ሁሉ ግንኙነቱን «የሥር ሽርክና»፣ ውጤቱን «መቋቋም» ብለው ይጻፉ፤ «የሥር ሻጋታ»ንም ይተዉት።