“ሂምሴልፍ” ከአጽንዖት ወደ ሕግ

ዛሬ እንግሊዝኛ የሚማር ሁሉ “ሂም” እና “ሂምሴልፍ” እንዳይምታቱበት ይነገረዋል፤ ድርጊቱ ወደ አድራጊው ሲመለስ “ሂምሴልፍ”፣ ሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ “ሂም”። ሕጉ ከቋንቋው ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በፊት በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ፣ “ቤዎልፍ” በተባለው ረጅም ግጥም ጭምር፣ ተራው ተውላጠ ስም ብቻውን ለሁለቱም ያገለግል ነበር። «ገደለው» እና «ራሱን ገደለ» በአንድ ዓይነት ቃል ሊነገሩ ይችሉ ነበር፤ የሚለያቸው ዐውዱ ነው። ዘመዱ ጀርመንኛ ለዚህ ሥራ የተለየውን “ዚሽ” እስከ ዛሬ ሲይዝ፣ እንግሊዝኛ አቻውን ገና በጥንት አጥቶታል።

“ሴልፍ” ያኔም ነበረ፤ ሥራው ግን ሌላ ነበር። እንደ ቅጽል እየተረባ «ሌላ ማንም ሳይሆን እሱው» የሚል አጽንዖት ይሰጥ ነበር። የዛሬው ሕግ የተወለደው ከዚህ አጽንዖት ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው፣ የሚከሰው፣ የሚያወድሰው ሌላውን ነው፤ ድርጊቱ ወደ ራሱ የዞረ እንደሆነ ተናጋሪው ሰሚው እንዳይሳሳት አጽንዖት ይጨምራል። ልማዱ ሲደጋገም “ሴልፍ” በመካከለኛው ዘመን ከተውላጠ ስሙ ጋር ተጣበቀ፤ አጽንዖቱም ደብዝዞ ግዴታ ሆነ። ለዚህ ምስክሩ የመታጠብና የመላጨት ግሶች ናቸው። እነዚህን ሰው በተለምዶ በራሱ ላይ ስለሚፈጽማቸው የዛሬው እንግሊዝኛ ግሱን ብቻውን ይተወዋል። አማርኛም «ታጠበ»፣ «ተላጨ» ሲል ግሱን አርብቶ ያልፋል፤ «ራሱን ከሰሰ» ለማለት ግን «ራስ»ን ይጠራል፤ «ንጉሡ ራሱ መጣ» ሲልም አጽንዖት የሚሰጠው ይኸው ቃል ነው።

ምክንያቱ አሻሚነት ከሆነ «እኔ» እና «አንተ» ምን አስገደዳቸው? የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ «እኔ እኔን አየሁ» ቢባል ማንም አይሳሳትምና። ጥያቄው ብርቱ ነው፤ መልሱ ያለው በቅደም ተከተሉ ውስጥ ነው። “ሴልፍ” መጀመሪያ የተስፋፋው አሻሚነት በነበረበት በሦስተኛው መደብ ሲሆን፣ አንደኛውና ሁለተኛው ዘግይተው በምሳሌው ሄዱ። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ እንኳን በመዝሙር 3 ላይ ተናጋሪው መተኛቱን ሲገልጽ ተራውን “ሚ” ይዟል፤ እርግጥ የመተኛት ግስ መሆኑም ረድቶታል።

ሌሎች ደግሞ መነሻው የኬልቶች ተጽዕኖ ነው ይላሉ፤ ዌልሽና አይሪሽ ለአጽንዖትም ለተመላሽ ድርጊትም በአንድ ቃል ስለሚጠቀሙ። ጉርብትናው ለውጡን አፋጥኖት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ይህን ከኬልቶች ወሰዱት የማይባሉት ቱርክኛና ቻይንኛም ለሁለቱ አገልግሎቶች አንድ ቃል አላቸው፤ ስለዚህ መንገዱን ለመክፈት የተናጋሪዎቹ የዕለት ችግር ብቻውን ይበቃ ነበር።