ዘፈኑ ተገዛ፤ ድምፁስ?

“ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም” ይላል ያገራችን ሰው። የዘፈን ጣጣው ግን ባለቤቱን ለይቶ ማወቁ ላይ ነው። ገጣሚ አለው፤ የዜማ ደራሲ አለው፤ ድምፃዊ አለው፤ አሳታሚ አለው። የአሜሪካ ማስታወቂያ ሠሪዎች ለዓመታት ሾልከው የገቡት በዚሁ ቀዳዳ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1987 ናይክ የተባለው ኩባንያ፣ ጆን ሌነን ደርሶት ቢትልሶች በ1968 ያወጡትን “ሪቮሉሽን” የተባለ ዘፈን በቴሌቪዥን የጫማ ማሻሻጫ አደረገው። ያለፈቃድ ነው እንዳይባል፣ የድርሰቱን መብት የገዛው የማይክል ጃክሰን ኩባንያና የሸክላው አሳታሚ ፈቅደዋል። የቢትልሶች ድርጅት የሆነው አፕል ግን 15 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ከሰሰ። ክርክሩ ከሁለት ዓመት በኋላ በስምምነት በመዘጋቱ ፍርድ ቤቱ ብይን ሳይሰጥበት ቀረ።

ብይን የተገኘው በቤት ሚድለር ጉዳይ ነው። በ1985 የፎርድ ኩባንያ ማስታወቂያ ሠሪዎች በ1972 የተጫወተችውን ዘፈን ለመኪና ማስታወቂያ ፈልገው ወኪሏን ቢጠይቁ እንቢ አሏቸው። እነሱም ከድርሰቱ ባለመብት ፈቃድ ገዙና፣ ሚድለርን ለዓመታት በአጃቢነት ስትቀበል የኖረችን ድምፃዊት ቀጥረው “ልክ እንደ እሷ ዝፈኝ” አሏት። ማስታወቂያውን የሰሙ ወዳጆቿ ሳይቀሩ ራሷ ሚድለር መሰለቻቸው። የሥር ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ ቢያደርገውም፣ በ1988 ዘጠነኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ድምፅ እንደ ፊት ሁሉ የሰው መለያ ነው፤ የታወቀን ድምፃዊ ድምፅ ለንግድ ሲባል ሆን ብሎ መቅዳትም በካሊፎርኒያ ሕግ ያስጠይቃል ሲል ወሰነ። በተከታዩ ዓመት 400 ሺህ ዶላር ተፈረደላት።

የፍርዱ ቀለም ሳይደርቅ፣ በ1988 ሌላ ኩባንያ በሬዲዮ የድንች ጥብስ ዘመድ የሆነውን የበቆሎ ቂጣ ጥብሱን በቶም ዌትስ ሻካራ ድምፅ አስመስሎ አስተዋወቀ። ማስታወቂያው መነሻ ያደረገው የ1976 ዘፈን ደግሞ በራሱ በሻጮች ልፈፋ የሚያላግጥ ነበር! ዌትስ ማስታወቂያ ላለመሥራት የቆረጠ ሰው ስለነበር ከሰሰ፤ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተፈረደለትንም ይግባኝ ሰሚው በ1992 በአብዛኛው አጸናው።

ካሳው ኪስ ይክሳል። አድማጩ ግን ለዓመታት “አላደርገውም” ያለውን ሰው አንዴ ሲያደርገው “ሰምቷል”። የሰው ድምፅ ቃሉም ነውና፣ ዘፈኑን የገዛ ሁሉ ቃሉን አብሮ አልገዛም።