በፎገራ ሜዳ ስለ ቤት መስፈሪያና ሚዛን

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚለው ምሳሌ በአማርኛ ተናጋሪው አገር ሁሉ የታወቀ ነው። ምሳሌው የሚነገረው ስለ ፍርድ ቢሆንም፣ የተወሰደው ከጎተራና ከገበያ ነው፤ ፍርድ የሚሰጥበትም ዕቃ ሚዛን ሳይሆን ቁና መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። እህል ለብዙ ዘመን በስፍር እንጂ በክብደት አልተለካምና። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው፣ ዛሬ በወረታና በዙሪያው ባለው የፎገራ ሜዳ ሚዛን ወደ ማእድ ቤት ሲገባ የሚተካው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ለቤት የሚሆነውም ሚዛን በምን ሊመረጥ እንደሚገባ ነው።

የቀድሞው የቤት መስፈሪያ ከሰው አካል ይጀምራል። ጨው በቁንጥር፣ ሽሮ በእፍኝ፣ ጥሬ በጭብጥ ይለካል። ከዚህ በላይ ያለው በሣር የሚሰፋው ቁና ነው፤ ከቁናም በላይ ዳውላ አለ፤ በብዙ አገርም ሃያ ቁና አንድ ዳውላ ይባላል። ነገር ግን የቁናው ስፋት ከወረዳ ወረዳ ይለያይ ስለ ነበር፣ የዳውላውም መጠን አብሮት ይለያያል። ቆየት ብሎም የቆርቆሮው ጣሳ በቁናው ጎን ቆመ፤ እስከ ዛሬም ከገበያ አልጠፋም።

የዚህ ዐይነት መስፈሪያ ጠባዩ በሁለት ሰዎች ዐይን ፊት መሠራቱ ነው። ሰፋሪው እስከ አፉ ሞልቶ በመዳፉ ያስተካክለዋል፣ ወይም ከአፉ በላይ ይቆልለዋል፤ ገዢውም ይህን ያያል፣ ይከራከራል፣ በመጨረሻም ምርቃት ይጠይቃል። ምርቃት ከልኩ በላይ የሚጨመር ነው፤ ነገር ግን የሻጩ እጅ የሚመሰገነውም የሚወቀሰውም በእርሱ ነው። በሌላው ወገን፣ ቁናው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ አለ። ግብር ተቀባዩ በራሱ ቁና ሲሰፍር የቁናው መስፋት ለእርሱ ይጠቅማል፤ አበዳሪው በጠባቡ ሰጥቶ በሰፊው ቢቀበልም ተበዳሪው በቃል ከመከራከር በቀር ማስረጃ የለውም። ምሳሌው የተወለደው ከዚህ ሥጋት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

እንግዲህ ሚዛን በአገሩ ያልታወቀ ኖሮ ነውን? አይደለም። ወርቅ በወቄት ይመዘን ነበር። እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዘመን የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ብር በተስፋፋ ጊዜም፣ ብሩ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሚዛን ድንጋይም ሆነ፤ የአንዱ ብር ክብደት 28.07 ግራም ያህል ሲሆን፣ ወቄትም ከዚሁ ጋር ተቀራርቦ ይቈጠር ነበር። ነጥር የሚባለውም ልክ የሚታወቀው በብር ቍጥር ነበር፤ ቍጥሩ ግን እንደ አገሩና እንደ ሸቀጡ ይለዋወጣል። ስለዚህ ሁለት ሥርዓት ጎን ለጎን ኖሯል፤ ውድ የሆነውና ከሩቅ የመጣው ይመዘናል፣ የዕለት ምግብ ይሰፈራል። ማእድ ቤቱ ሚዛን ያልነበረው በአለማወቅ አይደለም፤ የቤቱ ጥያቄ ስንት ነው የሚል ሳይሆን ለስንት ሰው ይበቃል የሚል ስለ ነበረ ነው። ለዚህም ጥያቄ የባለሙያዋ እጅ በቂ መልስ ይሰጥ ነበር።

ኪሎግራም በመላ አገሪቱ ሕጋዊ ልክ እንዲሆን የሚዛንና የመስፈሪያ ዐዋጅ ቍጥር 208 እ.ኤ.አ. በ1963 ወጣ። ከዚያ በኋላ ኩንታሉና ኪሎው የነጋዴው ቋንቋ ሆኑ። ወረታም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ ከሚነሣበት ስፍራ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ የሜዳው እህል በመኪና የሚጫነው በኪሎ ነው። ጣሳው ግን በችርቻሮና በቤት ቀረ። አንዲት የቤት እመቤት በኪሎ የተሸጠውን በጣሳ ትገዛለች፣ በጣሳ የገዛችውን በእፍኝ ታበስላለች።

ይህን መለያየት በፎገራ ከባድ ያደረገው ሩዝ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ስለሚያጥለቀልቁ፣ ገበሬው ቀድሞ ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራ ነበር። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮርያ በመጡ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ተሞከረ፤ ኤክስ ጅግና የተባለውም ዘር ተስፋፋ፤ ሩዝም ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ። የሩዝ ነገር ግን ጣሳን ያታልላል። አንድ ሊትር ጤፍ ከ800 ግራም በላይ ሲመዝን፣ ቅርፊቱ ያልተፈለፈለ ሩዝ በዚያው ዕቃ ወደ 600 ግራም ገደማ ነው። ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ የሚገኘውም ንጹሕ ሩዝ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ያህል ነው። እንግዲህ 600 ግራሙ ሲፈለፈል ወደ 400 ግራም ይወርዳል፤ ይህም የጣሳውን ግማሽ ያህል ብቻ ይሞላል። ጣሳን በጣሳ የምትለውጥ ሴት፣ ማንም ሳይዋሻት ግማሹን ታጣለች። የዱቄትም ነገር እንዲሁ ነው፤ የተጠቀጠቀው ጣሳና የተነፋው ጣሳ አይተካከሉም። ጤፍ ከሩዝ የሚወደድ በመሆኑ፣ ድርሻውን በትክክል ማወቅ የቤትን በጀት የሚነካ ጉዳይ ሆኗል።

በገበያ የሚገኙት ሚዛኖች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን ነው፤ ክብደትን ከክብደት ጋር ስለሚያስተያይ በየትም ቦታ ልኩ አይለወጥም፤ ነገር ግን የታመነ የሚዛን ድንጋይ ይፈልጋል። ሁለተኛው ባለ ሞላው ነው፤ ባትሪ አይሻም፣ ይሁን እንጂ ሞላው በዘመን ብዛት ይላላል። ሦስተኛው የኤሌክትሮኒኩ ነው፤ የዕቃውን ክብደት ቀንሶ ወደ ዜሮ ስለሚመልስ፣ ጤፉንና ሩዙን በአንድ ሳሕን አከታትሎ ለመመዘን ያመቻል። ባለ ሞላውና የኤሌክትሮኒኩ የሚለኩት የምድርን ስበት ነው። ወረታ ወደ ምድር ወገብ የቀረበች፣ ከባሕር ወለልም 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ በአውሮፓ መካከለኛ ኬክሮስ የተስተካከለ ሚዛን በዚህ በኪሎ ሦስት ግራም ገደማ አጉድሎ ያሳያል። ይህ ለወርቅ አንጥረኛ ብዙ ነው፤ ለሊጥ ግን ምንም አይደለም። ለቤት የሚሻለው እስከ አምስት ኪሎ የሚችልና በአንድ ግራም ወይም በአምስት ግራም የሚቈጥር ነው። ግማሽ ግራም የማይሞላ ነገር፣ ለምሳሌ አንድ ሺህ ፍሬ ጤፍ፣ በእንዲህ ያለው ሚዛን አይታይም፤ የቅመም ቁንጥርም ለጣት ቢተው ይሻላል።

ከዋጋና ከመልክ ይልቅ ግን መርማሪው ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሚዛኑ በቤት ውስጥ ሊፈተን ይችላልን የሚለው ነው። የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ቍጥሩን ያሳያል እንጂ አሠራሩን አያሳይም፤ በዚህም ነገር ከግብር ተቀባዩ ቁና ጋር ይመሳሰላል። ፈተናው ግን ቀላል ነው። አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናልና፣ ልኩ በታወቀ ዕቃ ውኃ ቀድቶ፣ የዕቃውን ክብደት ቀንሶ ማየት ይቻላል። በሳሕኑ መካከልና በዳር ተመዝኖ ቍጥሩ ከተለያየ ሚዛኑ አይታመንም። ባለ ሁለት ሳሕኑ ደግሞ እህሉንና ድንጋዩን ቦታ በማለዋወጥ ይፈተናል፤ ክንዶቹ እኩል ካልሆኑ ወዲያው ይጋለጣል። ከአያት የቀረ የማርያ ቴሬዛ ብር ያለበት ቤትም፣ ብሩ ካልተፋቀ፣ አሥራ ሁለቱ 337 ግራም ያህል መሆናቸውን ሊያይ ይችላል። የነጋዴው የሚዛን ድንጋይ የነበረው ብር እንዲህ ባለው ቤት የሚዛኑ ምስክር ይሆናል።

በተአምረ ማርያም የሚነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ በዚህ ረገድ ሊታሰብ የሚገባ ነው። የበላቸው ነፍሳት በሚዛኑ አንድ ወገን፣ ለተጠማ ሰው የሰጣት ጥርኝ ውኃ በሌላው ወገን ሲቀመጡ፣ ጥርኟ ውኃ በምልጃ ከበደች ይላል። ታሪኩን የሚያውቀው የጣና ዳርቻ ሰው ሚዛንንም ጥርኝንም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ አንዱ ሌላውን እንዲሽረው አይጠብቅም። በገበያም ሻጩ በኪሎ ከመዘነ በኋላ ገዢዋ እጅዋን ዘርግታ ምርቃት ትጠይቃለች፣ እርሱም ይጨምርላታል። ቤትዋ ደርሳ በተፈተነው ሚዛንዋ ብትመዝነው፣ የትኛው ልክ፣ የትኛው ስጦታ እንደ ሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይታ ታውቃለች።