ገበያ የናቀው ገጽ፤ የዴይቶና ክሮኖግራፍና የሰብሳቢዎቹ ታሪክ

ክሮኖግራፍ የሚባለው የእጅ ሰዓት ጊዜን ከማሳየት አልፎ፣ በአንድ ቁልፍ የሚነሣና የሚቆም፣ በሌላው ደግሞ ወደ ዜሮ የሚመለስ ተጨማሪ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ነው። የስዊዘርላንድ ሰዓት ሠሪዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይህን መሣሪያ ያመርቱ የነበረው በሥራቸው ሰከንድ መቁጠር ግድ ለሚላቸው አብራሪዎች፣ ሐኪሞችና የመኪና እሽቅድድም ተወዳዳሪዎች ሲሆን፣ አሮጌ ሰዓት ፈልጎ የሚያከማች ሀብታም ሰብሳቢ በሐሳባቸው አልነበረም። ዛሬ በጨረታ አዳራሾች ከፍተኛ ዋጋ ከሚያወጡት አሮጌ ክሮኖግራፎች መካከል የሮሌክስ ኩባንያ ዴይቶና በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል፤ ዝናው የተገነባው ግን በማሽኑ ሳይሆን ምልክቶቹና ቁጥሮቹ በታተሙበት ስስ ሰሌዳ፣ ማለትም በገጹ፣ ይልቁንም በዘመኑ ገዢ ባጣው ገጽ ነው።

ሮሌክስ በሞዴል ቁጥሩ 6239 ተብሎ የሚታወቀውን ሰዓት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ስሙን ያገኘው ፍሎሪዳ ውስጥ ከሚገኘው የዴይቶና የእሽቅድድም ሜዳ ነው። በቀደሙት ሞዴሎች ገጽ ዳር ላይ ይታተም የነበረው ታኪሜትር፣ ማለትም የአንድ ማይል ወይም የአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ የፈጀውን ሰከንድ ወደ ፍጥነት የሚቀይረው ልኬት፣ በዚህ ሰዓት በመስተዋቱ ዙሪያ ወዳለው የብረት ቀለበት ተዛወረ፤ አንድን ማይል በ45 ሰከንድ የጨረሰ መኪና ቆጣሪው በቆመበት ቦታ ቀለበቱ ላይ 80 ይነበብለታል። ልኬቱ ከገጹ በመነሣቱ ሰፊ ባዶ ቦታ ተገኘ፤ ማሽኑ ቫልዡ 72 የተባለ፣ በእጅ የሚሞላ፣ ለሌሎች ኩባንያዎችም ይሸጥ የነበረ በመሆኑ፣ አንዱን ሰዓት ከሌላው የሚለየው በአብዛኛው በዚሁ ባዶ ቦታ ላይ የሚታተመው ነገር ነበር።

ገጾቹን የሚሠራው ሮሌክስ ራሱ ሳይሆን፣ በላ ሾ ደ ፎን ከተማ የነበረው ዣን ሲንገር የተባለ የገጽ ሠሪ ድርጅት ነው (ከስፌት መኪናው ሲንገር ጋር ዝምድና የለውም)። ይህ ድርጅት ከተለመደው ገጽ ጎን ለጎን ሰብሳቢዎች «ኤግዞቲክ» የሚሉትን ሌላ ዓይነት አቀረበ። በእርሱ ላይ የሦስቱ ትንንሽ ክብ ቆጣሪዎች ምልክቶች ጫፋቸው ላይ ካሬ ነጥብ አላቸው፤ የቁጥሮቹ ቅርጽ በ1920ዎቹና በ30ዎቹ የነበረውን የአርት ዴኮ ጌጥ ያስታውሳል፤ በግራ ያለው የሰከንድ ቆጣሪ፣ በተለመደው ገጽ 20፣ 40፣ 60 የሚል ሲሆን፣ እዚህ 15፣ 30፣ 45፣ 60 ይላል፤ በገጹ ዳር የሚዞረው የሰከንድ መስመርም ከመሐሉ የተለየ ቀለም፣ አንዳንድ ጊዜም ቀይ ጽሕፈት አለው። ካሬ ነጥቦቹ በሌሎች ኩባንያዎች ሰዓቶች ላይም መታየታቸው ንድፉ የሮሌክስ የብቻ ፈጠራ አለመሆኑን ያመለክታል።

በ1960ዎቹ ይህን ገጽ የወደደው ሰው ጥቂት ነበር፤ በጥቂት መቶ ዶላር የሚሸጠው ሰዓት በሱቅ መስኮት ውስጥ ይቆይ ነበር። ዕጣው የተለወጠው በ1980ዎቹ የጣልያን ነጋዴዎችና ሰብሳቢዎች ፈልገው መግዛት ሲጀምሩና በአሜሪካዊው ተዋናይ ስም «ፖል ኒውማን» ብለው ሲጠሩት ነው። ኒውማን ስለ መኪና እሽቅድድም በሚተርክ ፊልም በሚሠራበት ዘመን ባለቤቱ ጆአን ውድዋርድ በጀርባው በጥንቃቄ እንዲያሽከረክር የሚያሳስብ ቃል አስቀርጻ የሰጠችው ሰዓት በጥቅምት 2017 ኒው ዮርክ ውስጥ በፊሊፕስ ጨረታ 17,752,500 ዶላር አወጣ፤ ይህም እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንኛውም የእጅ ሰዓት በጨረታ ከተከፈለው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ሆኖም የተዋናዩ ዝና የላ ሾ ደ ፎንን የገጽ አታሚዎች ከታሪኩ ማስወጣቱ ፍትሕ አይደለም፤ ስማቸው በየትኛውም ሰዓት ላይ ያልተጻፈው እነዚህ ባለሙያዎች ናቸውና ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚያጠኑትን ልዩነት ሁሉ የፈጠሩት።

ጥናቱ በእርግጥም ብራና ከሚመረምር ሊቅ ሥራ የሚያንስ አይደለም። ለምሳሌ የሞዴል 6263 አንዳንድ ጥቁር ገጾች «ሮሌክስ»፣ «ኮስሞግራፍ»፣ «ኦይስተር» የሚሉትን ቃላት በዚህ ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች ያሳያሉ፤ በሌሎቹ ግን ውኃ የማያስገባ መሆኑን የሚያመለክተው «ኦይስተር» በመሐል ይገባል። ሰብሳቢዎች እንደሚያስረዱት፣ መጀመሪያ የተጠቀሱት ገጾች ቁልፎቻቸው በጥምዝ ለማይታሰሩ ሰዓቶች አስቀድመው የታተሙ ሲሆኑ፣ ኋላ ጥምዝ ቁልፍ ላለው ሞዴል ሲዛወሩ ቃሉ ከሥር ተጨመረባቸው፤ በጣልያንኛም ይህን ዓይነት «ኦይስተር ሶቶ» ይሉታል። በጨለማ የሚያበራው ቀለምም ይመሰክራል፦ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ራዲየምን የተካው ትሪቲየም በየ12 ዓመቱ ገደማ ጨረሩ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ የዚያ ዘመን ነጥብ ዛሬ በጨለማ ደምቆ ካበራ፣ ቀለሙ ዘግይቶ የተቀባ ነው ማለት ነው።

የገጾቹን ቁጥር ያመናመነው የገበያው ንቀት ብቻ አይደለም። ሰዓቱ ለጥገና ሲገባ ያረጀን ገጽ አውልቆ በአዲስ መተካት የተለመደ አገልግሎት ነበርና፣ ብዙ ኤግዞቲክ ገጾች በባለቤቶቻቸው ፈቃድ በተለመደው ዓይነት ተለውጠዋል። ዋጋው ከናረ በኋላ ደግሞ ጉዞው ተገለበጠ፤ በተለመደው ገጽ ከፋብሪካ የወጡ ሰዓቶች ከሌላ የተነቀለ፣ አልያም በሐሰት የታተመ ኤግዞቲክ ገጽ ይገጠምላቸው ጀመር። ስለዚህም አስተዋይ ገዢ የካሬ ነጥቦቹን ጠርዝና የቀለሙን ውፍረት በማጉያ መነጽር ሳይመረምር፣ የገጹንም ጀርባ ሳያስከፍት አይስማማም።

እርጅና ራሱ ልዩነት መፍጠሩም ቀጥሏል። ሮሌክስ በ1988 በእጅ የሚሞላውን ማሽን ትቶ፣ ከዜኒት ኩባንያ ኤል ፕሪሜሮ ማሽን ያሻሻለውንና በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላውን በ16520 ሞዴል አወጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተሠሩት የዚህ ሞዴል ጥቁር ገጾች አንዳንዶቹ፣ ቫርኒሻቸው በቂ መከላከያ ስላልሆናቸው፣ የትንንሾቹ ቆጣሪዎች ብርማ ቀለበቶች ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ ተለወጡ። ይህን ያስተዋለው የጨረታ ባለሙያ ኦስቫልዶ ፓትሪዚ ስለነበር ገጹ በእርሱ ስም ይጠራል፤ ቡናማው ይበልጥ በጠቆረና በሦስቱም ቀለበቶች ላይ እኩል በታየ መጠንም ዋጋው ከፍ ይላል።